ፋሲካ የሌለው ጾም

አዛናው መሞቱን የነገረኝ የድሮው ርዕሰ መምህራችን ነው። ጎንደር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቁርስ ስበላ ስልኬ ጮኸ።

«ደሳለኝ፣ ጋሼ አዛናው ዐረፉ። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። አፌ ውስጥ ያለውን ጉርሻ ገና አልዋጥኩትም ነበር።

«የሕይወት ታሪካቸውን አንተ ትጽፋለህ። ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ደግሞ ብዕር አለህ።»

ስልኩን ዘጋሁና ሣቅሁ። ያዘነ ሰው እንደዚያ አይሥቅም፤ እኔም አላዘንኩም ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የናቅሁትን ሰው «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለሙያቸው ሟች» እያልኩ በሕዝብ ፊት እንዳነብ መታዘዜ ነው ያሣቀኝ።

ወደ ደባርቅ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። «መምህር አዛናው በአምባራስ ቀበሌ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» እስከዚህ ድረስ ማንም ይጽፈዋል፤ ስሙን ብቻ እየቀየሩ ለየትኛውም ሟች ሊያነቡት ይችላሉ። ዳባት ስንደርስ ግን ገና ዲፕሎማው ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አዛናው እኔ ነኝ የማውቀው፤ እኔ የማውቀው አዛናው ደግሞ በቀብር ላይ የሚነበብ ሰው አይደለም። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ደብተሬ ላይ ያልሰፈረውን ነው።

አዛናው የስፖርት አስተማሪ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የማይጠፋ ሰው። ፊሽካውን ለሠርግም ለለቅሶም አያወልቀውም። መምህራኑ ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እንለዋለን፤ ዞር ሲል «ፊሽካው» ነው። ሰላምታው አንድ ብቻ ነበር፦ «ቀጥ በል!» እንደምን አደርክ የለ፣ ደኅና ዋልክ የለ። ለተማሪ ቀጥ በል፣ ለዘበኛው ቀጥ በል፣ ከወረዳ ለመጣ ተቆጣጣሪ ደግሞ አክብሮ «ቀጥ ይበሉ»።

ተመድቤ ትምህርት ቤቱ የደረስኩ ዕለት፣ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ ሰው በሞላበት የመምህራን ክፍል ከኋላዬ መጥቶ ሁለቱን ትከሻዎቼን ያዘና ወደ ኋላ ሳባቸው።

«የማንን ሬሳ ተሸክመህ ነው የመጣኸው? ቀጥ በል!»

ሁሉም ሣቀ። የዚያን ቀን ጠላሁት። ጥላቻው በጊዜ ብዛት በረደና ንቀት ሆነ። ንቀት ለእኔ ይመቸኛል፤ ጥላቻ ያደክማል፣ ንቀት ግን ሻይ እየጠጡም ይሠራል።

ለመናቅ የሚሆን ነገር ደግሞ አላሳጣኝም። ጉረኛ ነበር። በወጣትነቱ ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በሩጫ ወርዶ፣ ድብ ባሕር ሻይ ጠጥቶ፣ ለምሳ ቤቱ እንደተመለሰ ያወራል። መጀመሪያ ስሰማው ለምሳ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ለቁርስ ሆነ። መጽሐፍ አይገልጥም፣ ጋዜጣ አያነብም፤ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን የተማሪ ድርሰትና ቀይ እስክሪብቶዬን እያየ «ይኼ ነው ወገብህን የሚያጎብጠው» ይለኛል። በእሱ ዓይን ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለና የጎበጠ። የጎበጠው ታሞ ይሆናል፣ ተርቦ ይሆናል፣ አዝኖ ይሆናል ብሎ ነገር አያውቅም።

ይህን የመሰለውን ሰው ነው አልማዝ ባለጭራ የያዘው። በግራ ጎኑ ከጀርባው ተነሥቶ እስከ ደረቱ እንደ መቀነት ዞረና አቆሰለው። ቁስሉ በወሩ ደረቀ፤ ሥቃዩ ግን ከቆዳው ሥር ቀረ። ሸሚዝ ሲነካው ይጮኻል። አንድ እጁን ከሸሚዙ አውጥቶ፣ ነጠላውን በአንድ ትከሻው ጣል አድርጎ፣ ወደ ግራ ተጣሞ ሲመጣ እያየሁ በልቤ «አሁንስ ማን ጎበጠ?» እል ነበር።

ጎንደር ሄዶ ታየ። ሐኪሙ ሥቃዩ የነርቭ ነው ብሎ ካፕሱል አዘዘለት፤ ማታ ማታ አንድ፣ ለሁለት ወር፣ ከዚያ ተመልሶ እንዲታይ። መድኃኒቱ ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት ሸሚዙን በደንብ ለብሶ፣ ፊሽካውን አንጠልጥሎ መጣ። በሁለተኛው ወር ግን ለመታየት አልተመለሰም። ማታ አንድ የነበረውን ሁለት አደረገው፣ ቀጥሎ ጧት ጨመረበት፣ ቀጥሎ ቀትር ላይ።

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኩት አንድ ቀን። የጎኑ ሕመም እንደተሻለው አውቃለሁ።

«እዚህ ውስጥ ያለው ጩኸት ሁሉ ዝም ይላል» አለኝ፣ ደረቱን በጣቱ እየነካ። ምን ጩኸት እንዳለበት አልጠየቅሁትም። የስፖርት አስተማሪ ደረት ውስጥ ከፊሽካ ድምፅ ሌላ ምን ይኖራል ብዬ ነው።

መድኃኒቱ ደባርቅ አይገኝም። እኔ የምገባውም እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ቅዳሜና እሑድ ጎንደር እማር ነበር። ዓርብ ከቀትር በኋላ ሁለት ክፍለ ጊዜ ስላለኝ እሱን አስተምሬ ስወጣ መኪና አላገኝም። አዛናው ዓርብ ዓርብ ተማሪዎቼን ወደ ሜዳ አውጥቶ ይይዝልኛል፤ እኔ ሰኞ ሰኞ ካፕሱሉን አመጣለታለሁ። የሐኪሙ ማዘዣ ከመታጠፍ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሶ ነበር። የመድኃኒቱ ሻጭ መጀመሪያ ማዘዣውን ያይ ነበር፤ ኋላ የኔን ፊት ማየት በቃው። ዕቃውን በባዶ የጠመኔ ሳጥን አድርጌ ሰኞ ጧት ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ። መምህር ለመምህር ጠመኔ ሲያቀብል ማን ምን ይላል?

ሳመጣለት እንደምንቀው አውቃለሁ። እንዲያውም በየሰኞው ሳጥኑን ሳኖር ንቀቴ ይበልጥ ይደላደል ነበር።

በቀን ስምንት ሲደርስ አዛናው ሌላ ሰው ሆነ። እግሩ አብጦ ጫማውን ከኋላ ረግጦ ይጎትተዋል። ቃል አፉ ውስጥ ይንከባለላል። የተማሪ ስም ይጠፋበታል። ፊሽካውን ቁጭ ብሎ ይነፋል። አንድ ጧት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ እንደ ልማዱ ተማሪውን ሊያሠራ ፊት ቆመ። «እጅ ወደ ላይ!» አለ። ተማሪው ሁሉ እጁን ሰቀለ። አዛናው ምሰሶውን ተደገፈና ዓይኑን ከደነ። የደባርቅን የጧት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ቁጣውን ስለሚፈሩ አንድም ልጅ እጁን አላወረደም። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ወጥቶ «አውርዱ!» እስኪል ድረስ ያ ሁሉ ተማሪ እንደ ተማረከ ጦር ቆሞ ነበር። እኔ በመስኮት ሆኜ እንባዬ እስኪመጣ ሣቅሁ።

በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። እሱ ግን የፈራው ደብዳቤውን አልነበረም። ሚስቱ እትዬ ሙሉ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ «እስከ ፋሲካ አይሃለሁ። ከፋሲካ በኋላም እንዲህ ከሆንክ ዳባት ወንድሜ ቤት እገባለሁ» ብላዋለች። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ያበጠ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ።

«ማስፈራሪያ ነው» አልኩት።

«ሙሉን አታውቃትም። እሷ አንድ ጊዜ ነው የምትናገር።»

ጤና ጣቢያ ሄዶ ነርሷን ጠየቃት። በአንዴ ቢያቆም ሊጥለው እንደሚችል፣ ቀስ ብሎ በየሳምንቱ አንድ አንድ እየቀነሰ እንዲመጣ መከረችው። ሞከረ። ሰኞ ይቀንስና ረቡዕ ይመልሰዋል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። እኔም የሰኞ ሳጥኔን አላቋረጥኩም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«ደሴ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። አንድም ቀን። ሽሮ በልቼ ሮጫለሁ። ሁዳዴ ስምንት እሑድ አለው አይደል? እኔም የምውጠው ስምንት ነው። በየእሑዱ አንድ አንድ እጥላለሁ። ከእንግዲህ አታምጣልኝ።»

ለጾሙ የሚበቃውን ቆጥሮ ለእትዬ ሙሉ አስረከበ፤ በየዕለቱ የሚገባውን እሷ ትሰጠዋለች። እኔ አስቀድሜ የገዛሁለት አንድ ሳጥን ቤቴ ቀረ። ለሁለት ሳምንት አይዘልቅም አልኩና አስቀመጥኩት።

ዘለቀው። በዘወረደ ሰባት ሆነ፣ በቅድስት ስድስት፣ በምኩራብ አምስት። የተማሪዎቹ ስም የሚጠፋበት ሰው የእሑዶቹን ስም እንደ ስም ጥሪ ይጠራቸዋል። ላብ ያጠምቀዋል፣ በጠራራ ፀሐይ ይንቀጠቀጣል፣ ፊሽካውን ወደ አፉ ሲወስድ ከጥርሱ ጋር ያጋጨዋል። እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው በሽተኛ የሚነሣበት ወንጌል የሚነበብበት የመፃጉዕ እሑድ አልፎ፣ ሰኞ ጧት በአራት ካፕሱል መጣ።

«ቄሱ ‹ተነሥተህ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ› ሲሉ እኔን እኔን የሚያዩኝ መሰለኝ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለ። «ቀጥ በል ማለት እኮ ነው።»

በዚያው ሳምንት ግን ዓርብ ሲደርስ ተማሪዎቼን እንደማይዝልኝ ነገረኝ። ጩኸታቸው ይወጋኛል አለ። በቀጣዩም ዓርብ አልቻለም፣ በሌላውም። የቅዳሜ ጧት ትምህርት ሦስት ጊዜ አመለጠኝ፤ አንድ ጊዜ ብትደግም ለፈተና አትቀመጥም ተባልኩ። እሱ እየጾመ የምጎዳው እኔ ሆንኩ።

በሆሳዕና የመጨረሻዋን ጣለ። ሰሙነ ሕማማትን ያለ አንዳች ካፕሱል ገባ። ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር እሱን ለማየት ነው የሄድኩት። ሲሰግድ አገኘሁት። ግንባሩን መሬት ያስነካል፣ ይነሣል፣ ቀጥ ይላል፣ እንደገና ይወርዳል። ከእሱ በሃያ ዓመት የማንሰው እኔ ጥቂት ሰግጄ ደከመኝና ግቢው ውስጥ ካለ ጥድ ሥር ተቀመጥኩ። እሱ ላቡ እየተንጠባጠበ ቀጠለ። ከሥሬ ወንበር የሚስብብኝ መሰለኝ። ዐሥር ዓመት ተደላድዬ የተቀመጥኩበት ንቀቴ ነበር የሚሳበው፤ ያንን ሰው ከዚያ ቀን በኋላ በምን ልናቀው ነው?

ፋሲካ ዕለት ከቀትር በኋላ እንኳን አደረስዎ ልል ቤቱ ሄድኩ። በአንድ እጄ ጎረቤት ያስጋገርኩትን ድፎ ዳቦ፣ በሌላው የጠመኔ ሳጥን ይዣለሁ።

ይህን ለምን እንዳደረግሁ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቼ አውቃለሁ። ፈተናዬ ደርሷል፣ ዓርቦቼ ያስፈልጉኛል ብያለሁ። ሕመሙ ቢመለስበት ይጠቅመዋል ብያለሁ። እውነቱ አጭር ነው፤ ወድቆ ላየው ፈልጌ ነበር።

እትዬ ሙሉ ጓዳ ነበረች። እሱ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ፊሽካውን ከነጠላው በላይ አንጠልጥሎ ገበታ ላይ ተቀምጧል። ሳጥኑን አኖርኩለት።

«ምንድን ነው?»

«መፈሰኪያ» አልኩት፣ እንደ ቀልድ።

ከፈተው። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን እንደ ልጅ በራ።

«እኔማ ሙሉን ምን ብዬ ልጠይቃት እያልኩ ስጨነቅ ነው ያረፈድኩት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጾሜን ፈጽሜያለሁ አይደል? ዶሮውን በላሁ፣ እርጎውን ጠጣሁ። ይኼ ብቻ ነበር የቀረኝ።»

ያን ጊዜ ነው ስምንቱን ሳምንት እንዴት እንደቻለው የገባኝ። ለእሱ ጾም ነበር። እኛ ሀገር ሥጋ የሚጾም ሰው ሥጋ ጠልቶ አይደለም፤ በፋሲካ እንደሚመለስለት ስለሚያውቅ ነው የሚታገሠው። አዛናውም ካፕሱሉን ለፋሲካ እንደሚታረደው በግ አቆይቶት ነበር። ነርሷ ይህ አልታያትም፣ ሚስቱም አልታያትም፤ እኔ ግን ከፊቱ ላይ አነበብኩት። «ይተዉት ጋሼ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

«የተውኩት ስምንት ነው» አለና ስምንቱንም መዳፉ ላይ ዘረገፈ። በጠላ አወራረዳቸው። በላዩ አረቄ ቀዳ።

የሊማሊሞን ወሬ ጀመረልኝ። ጠመዝማዛውን ወርዶ ድብ ባሕር ደረሰ፣ ሻይ አዘዘ፣ ሻዩ ሲመጣ ግን ቃሉ ተንቀራፈፈና ግንባሩ ገበታው ላይ ዐረፈ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ከዚያ ከንፈሩን አየሁት፤ ጠቁሯል። ትንፋሹ አንድ ይመጣና ሁለተኛው ይዘገያል።

እትዬ ሙሉ ሳህን ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«ምን ሆነ?»

«ደክሟቸው ነው፤ ጾሙ ይሆናል» አልኩ።

ሳህኑ ከእጅዋ ወደቀ። ስትጮህ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ በቃሬዛ ተነሣ። እነሱ አንገቱን ሲያቃኑ እኔ የጠመኔውን ሳጥን በኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ በየእርምጃዬ ካፕሱሎቹ ኪሴ ውስጥ ይንኳኩ ነበር።

አልሞተም። በማግሥቱ ሄጄ አልጋው ላይ አገኘሁት፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። እትዬ ሙሉ ራስጌው ቆማለች፤ የነፍስ አባቱ፣ የደረስጌ ሰው የሆኑ ሽማግሌ ቄስ፣ ጎኑ ተቀምጠዋል። የገባሁት እሷ ስትጠይቀው ነው።

«ማነው የሰጠህ?»

አዛናው ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ብዙ አየኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ሳጥኑን ጨብጧል፤ ገና አልጣልኩትም ነበር።

«ማንም» አለ። «የድሮ ነው። ተርፎኝ ደብቄው ኖሯል።»

ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣ ጾሜን አፈረስኩ እንዴ?»

«የትኛውን ጾም ነው የምትል፣ ልጄ?»

«የመድኃኒቱን።»

ቄሱ እንደ ሀገራቸው ሰው አልቸኮሉም። መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ሥጋ ይጦማል። ወተት፣ ቅቤ ይጦማል። ይህ እግዚአብሔር የሰጠን ምግብ ነውና ትተነው እንቆያለን፣ በፋሲካ እናመሰግንና እንመለስበታለን። አንተ የተውኸው ሐኪሙ በሰጠህ ጊዜ መድኃኒት ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን ድንጋይ ነው ስትውጥ የከረምኸው። ድንጋይ ያልበላ ሰው ጦመ ይባላል ወይ?»

«አይባልም አባ።»

«እንግዲያውስ ፋሲካ የለውም።»

አዛናው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ሙሉ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበችለትና «ሃምሳው እስኪያልቅ አይሃለሁ» አለችው።

እናም አዛናው በዓለ ሃምሳን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት፣ ከተማው ሁሉ ሥጋ ሲቆርጥ በሚውልበት ጊዜ፣ መድኃኒቱን መተው እንደገና ጀመረ። የሚቆጥረው እሑድ አልነበረውም። «አሁን ቀኑ ስም የለውም» አለኝ አንድ ጊዜ። ነርሷ ዘንድ በየሁለት ቀኑ ይሄዳል። ጎኑ ማቃጠሉ ስለተመለሰ ከሸሚዙ ሥር የሚስቱን የሐር ሻሽ ይጠመጥማል። ያንንም አይቼ ለመሣቅ ሞከርኩ።

ወደ ሥራ የተመለሰ ሰኞ የመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻችንን ነበርን። ጠረጴዛው ላይ የጠመኔ ሳጥን ነበር፤ እኔ አይደለሁም ያኖርኩት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት የመጣ ነው። እጁን ዘረጋና ከፈተው። ጠመኔ ነበር። ክዳኑን መልሶ እስኪገጥመው ብዙ ቆየ።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት እኔ…»

«ዓርብ ተማሪዎችህን እይዝልሃለሁ» አለኝ ሳያየኝ። «ሰኞ ግን ባዶ እጅህን ና።»

ያዘልኝ። ያን ዓርብ፣ የሚቀጥለውን ዓርብ፣ እስክመረቅ ድረስ ሁሉንም ዓርብ። እየተንቀጠቀጠም ያዘልኝ፤ ሲሻለውም ያዘልኝ። ስለዚያ ፋሲካ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ምስጋና የለኝም፤ ይህን የሚያደርገው ከሥሩ እንድሆን ነው አልኩ፣ የዚህ ሰው ደግነቱም ጉራ ነው አልኩ። በሃምሳው መጨረሻ እትዬ ሙሉ ዳባት አልሄደችም። በቀጣዩ ዓመት አዛናው የጧቱን ስፖርት እንደገና ያሠራ ጀመር፤ «እጅ ወደ ላይ» ባለ ቁጥር ግን ወዲያው «ወደ ታች» ይላል፣ ተማሪው እስኪሥቅበት ድረስ። የሊማሊሞ ወሬውም ተመለሰ፤ አሁን ፀሐይ ሳትወጣ ቤቱ ይደርስ ነበር።

ዲግሪዬን ይዤ ጎንደር ተዛወርኩ። አንድም ቀን አልደወልኩለትም።

እንግዲህ ደባርቅ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ልቡ ነው አሉኝ፤ ከሜዳ ተመልሶ ጫማውን ሲያወልቅ። እትዬ ሙሉ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሳመችኝና ጎንዋ አስቀመጠችኝ።

«ጻፍከው?»

«ጽፌያለሁ።»

«አንብብልኝ።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላት። ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለሙያቸው ሟች። አንገትዋን ደፍታ ሰማችና ስጨርስ እጅዋን ደብተሬ ላይ አኖረች።

«አንድ ነገር ጎድሏል። እስክሪብቶህን አውጣ።» በዝግታ፣ ቃል በቃል ነገረችኝ። «‹መምህር አዛናው መድኃኒት ሱስ ሆኖባቸው በተቸገሩ ጊዜ፣ አምጣልኝ ብለው ቢለምኑት አላመጣም ብሎ ፊት የነሣቸው፣ ከዚያም ችግር ያወጣቸው የሥራ ባልደረባቸው መምህር ደሳለኝ ነው።› እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ።

«እሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«ሲነግረኝ ኖሯል። ‹ያ ልጅ ባይጨክንብኝ ሞቼ ነበር› ይላል። ‹ስሞት ይነበብልኝ፣ እሱ ራሱ ያንብበው› ብሏል። ርዕሰ መምህሩንም ወደ አንተ ያስደወልኩ እኔ ነኝ።»

«እትዬ ሙሉ፣ ይኼ ነገር…»

«ምን?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይንዋ በልቅሶ አብጧል። ልነግራት ነበር፤ የጠመኔውን ሳጥን ድምፅ እንኳ ሰምቼዋለሁ።

«…ትንሽ ይረዝማል» አልኩ።

«ይርዘም» አለች።

ጻፍኩት። አዛናው ይህን ያደረገው በደግነት ይሁን በበቀል እስከ ዛሬ አላውቅም። በደግነት ከሆነ እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ በበቀል ከሆነም እንዲህ ያለ አላየሁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሬሳው ፊት አቆሙኝ። የድሮ ተማሪዎቹ ግቢውን ሞልተውታል። ፊሽካውን የሬሳ ሣጥኑ ላይ አስቀምጠውታል። አምባራስን አነበብኩ፣ ዲፕሎማውን አነበብኩ፣ ታታሪውን፣ ሰው አክባሪውን አነበብኩ። ያቺ መስመር ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። ሕዝቡ ሐዘን ያነቀኝ መስሎት ከንፈሩን መጠጠ። ከፊት የቆሙት ቄስ፣ እኚያ የደረስጌው ሽማግሌ፣ በዝግታ ቀና ብለው አዩኝ። አሁንም እችል ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ትከሻዬን ወደ ኋላ መለስኩ። እሱ እንደሚወደው ቀጥ ብዬ ቆምኩና አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩት።